በበርሜል ዓሣና ጎመን ስለማልማት



ቄራ ሲባል የሚታወሰው ሥጋ ነው፤ ስለ ዓሣ ማን ያወራል? ሆኖም የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ስለማልማት የሚጠይቀን በርክቷል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ዓሣው በበርሜል ይቀመጣል፤ ከላዩ የተበሳና ጠጠር የተሞላ ሳፋ ይደረጋል። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ጠጠሩ ያወጣል። በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ ለጎመኑ ማዳበሪያ ያደርጉታል፤ ውሃውም ተጣርቶ ይመለሳል። ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ይህ ደግ ነገር ነው።

ችግሩ ጥድፊያ ነው። ባክቴሪያው በደንብ እስኪራባ ወር ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ስለዚህ በርሜሉ በተገዛ ማግስት ሃያ ዓሣ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው። ለ200 ሊትር አምስት ስድስት ቆሮሶ ይበቃል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ሁለት ቀን ክፍቱን ይቆይ። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ጨርሶ አይሆንም። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ቆሮሶ እንደ ሐዋሳ ቶሎ አያድግም፤ ቶሎ የሚደርሰው ጎመኑ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፤ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ያን ጊዜ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ብቻውን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ማኅበሩ የሚመክረው በየቤቱ ሳይሆን በየግቢው አንድ በርሜል፣ ሦስት አራት ቤተሰብ ተረዳድቶ እንዲጀምር ነው። ፈቃደኛ የሆነ ግቢ ጸሐፊው ዘንድ ይመዝገብ። ስለ ዓሣ ጫጩት ሰበታ ከሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል አንድ ላይ ሄደን እንጠይቃለን።