የጠመንጃ ዋጋ በጥይቱ ነው

ያገለገለ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ብረቱን ነው። የአፈሙዙን ውስጥ ወደ ብርሃን አዙሮ ዝገት ይፈልጋል፣ ሰደፉን ይዳብሳል፣ ምላጩን ይስባል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። የጥይቱ ነገር የሚነሳው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው። መቅደም የነበረበት ግን እሱ ነው።

ንግዱ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ጠመንጃ ከታጁራ ተነስቶ፣ ከአፍደም በስተሰሜን ያለውን የአፋር በረሃ በግመል አቋርጦ ሸዋ ይገባ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው በዚያ መንገድ ነው። አውሮፓ የጣለችው አሮጌ መሣሪያ ሊየዥ ላይ 7 ወይም 8 ፍራንክ እያወጣ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ለቤተሰቡ ጽፏል። (እሱ ግን ከጉዞው እንደተመኘው አልከበረም።)

በዚያው ዘመን የተስፋፋው ውጅግራ ዕድሜው የረዘመው በብረቱ ብቻ አይደለም። ጥይቱ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ በመሆኑ ቀለሁ ተለቅሞ በአገር ቤት ባሩድና እርሳስ ዳግም ይሞላ ነበር። ጥይት በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከመሆን ደርሷል። ጥይቱ ከገበያ ሲጠፋ ውጅግራም የግድግዳ ጌጥ ሆነ።

ዛሬም ርካሹ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው ጥይቱ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው። አንድ ሰው አምስት ፍየል ሸጦ አሮጌ ምንሽር ገዛ እንበል። በየዓመቱ ለጥቂት ፍሬ ጥይት አንድ ፍየል ቢያወጣ በአምስተኛው ዓመት ጠመንጃውን ሁለት ጊዜ ገዝቶታል። ሊሸጠው ሲወጣ ደግሞ ገዥው የጥይቱን ችግር ቆጥሮ ይቀንስበታል።

«የአደን ጠመንጃ» የሚለው ስምም አሳሳች ነው። በአፍደም ስም የሚጠራ የአፍደም–ገዋኔ የአደን ቀጣና አለ። ሳላ ለማደን ከፍሎ የሚመጣ የውጭ አዳኝ መሣሪያውንም ጥይቱንም ይዞ መጥቶ ይዞ ይመለሳል። አርብቶ አደሩ ግን ያለ ፈቃድ ቢያድን አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወንጀለኛ ያደርገዋል። ጠመንጃው የሚጠብቀው ግመሉን ነው፤ ከጅብም፣ ከሰውም።

ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው ፍርሃት ነው። በአፋርና በኢሳ መካከል ግጭት ሲያገረሽ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥይት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃን በፈቃድ ሥር ማስገባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ሰው ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት በር ካልተከፈተ፣ ሕጋዊ የሆነው ብረቱ ብቻ ነው፤ ቀሪው ለኮንትሮባንዲስቱ ተትቷል። መንግሥት የሚገባው ጥይቱን በቁጥርና በተመን ማቅረብ፣ ከዚያም በላይ የግጦሹንና የውሃውን ጠብ መፍታት ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ግን ፍላጎቱን ከሥሩ የሚቀንሰው እሱ ነው።

እስከዚያው አርብቶ አደሩ በፍርሃት ወቅት በውድ ይገዛል፤ ድርቅ ሲመጣ፣ ጎረቤቱም መሣሪያውን ለእህል ሊለውጥ ሲያወጣ፣ በርካሽ ይሸጣል። ለጠመንጃው ብሎ የሸጣት ግመል ብትኖር ኖሮ ግን በዚያ ድርቅ ልጆቹ ወተቷን ይጠጡ ነበር።