ለሕፃናት እግር የሚሆን ሜዳ

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ከሰጠው ጸጋ ሁሉ፣ ወላጅ ሳያስተምረው፣ መምህርም ሳይገሥጸው በጊዜው ተገልጦ የሚታየው፣ ሕፃን ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበትና የሚራመድበት ጥበብ ነው። ይህን ያየ ወላጅ ቢደነቅ የተገባ ነው፤ ነገር ግን አድናቆቱ ለልጁ የሚበጅ ነገር ካልወለደ፣ ከአፍ ምስጋና አያልፍም።

የእኔ ልጅ እዚህ ጥያ ከደጃችን ባለው የድንጋይ ካብ ላይ መሄድ ትወዳለች። ባዶ እግሯን አስቀድማ የድንጋዩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ትፈትናለች፤ ጸንቶ ያገኘችው እንደ ሆነ ክብደቷን ታሳርፍበታለች፤ የተነቃነቀባት እንደ ሆነ ወገቧን ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አድርጋ፣ እጆቿን ዘርግታ ትመለሳለች፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ዐይኗ ወደ ፊት እንጂ ወደ እግሯ አይመለከትም። «ትወድቂያለሽ፣ ውረጂ!» የሚል ጎረቤት አይታጣም፤ እኔ ግን ካቡ ዝቅተኛ፣ ከሥሩ ያለውም ሣር ለስላሳ በመሆኑ ዝም ብዬ አያታለሁ።

ዝም ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ፤ ራስ በዞረ ቁጥር ፈሳሹ እየተንቀሳቀሰ ለአንጎል ምልክት ይሰጣል፤ አንጎልም ይህን ከዐይንና ከጡንቻ ከሚደርሰው ወሬ ጋር አስማምቶ ሰውነትን ያቀናል። መሣሪያው በልደት የሚገኝ ይሁን እንጂ የሚሠለጥነው በመውደቅና በመነሣት ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ መራመድ የጀመሩ ሕፃናት በጨዋታ ላይ ሳሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቈጥሮ አሳይቷል። እንግዲህ ልጁን ከመውደቅ ሁሉ የሚከለክል ወላጅ፣ ከትምህርቱ ከለከለው ማለት ነው።

ሕፃን በመሬት ላይ እየተመላለሰ መራመድን መለማመዱም በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ከጥያ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ አዋሽን በምንሻገርበት በመልካ ቁንጡሬ፣ ከ700,000 ዓመት በፊት በውኃ ዳር ጭቃ ላይ የታተሙ የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ገና የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሕፃናት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ጽፈዋል። በዚያው ሥፍራ አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና የጉማሬ ሥጋ ሲበልቱ፣ ሕፃናቱ በዚያው ጭቃ ላይ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር።

የጉራጌም አበው ልጅ በእግሩ የሚመላለስበት ሜዳ እንደሚያሻው በተግባር ያውቁ ነበር። ጀፎረ የተባለው፣ በግራና በቀኝ ቤቶች ፊታቸውን የሚያዞሩበት ሰፊው የሣር መንገድ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደረግበት፣ ከብት የሚያልፍበት፣ ልጆችም ያለ ሥጋት የሚቦርቁበት የጋራ ሥፍራ ነው፤ ማንም አጥሩን ወደ እርሱ እንዳይገፋ የአገር ሥርዓት ይከለክላል። ዛሬ ግን ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ ሕፃን እግሩን የሚፈትንበት ቦታ የመኪና መንገድና ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል።

በጥያ የቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች በ1980 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው በአጥር ተከብረው ይጠበቃሉ፤ ይህም መልካም ነው። ለቆመው ድንጋይ የምናደርገውን ጥንቃቄ ያህል ገና መቆምን ለሚለማመደው ልጅ ብናደርግ ደግሞ የበለጠ መልካም በሆነ ነበር። ስለዚህ የቡታጅራ፣ የወልቂጤና የጥያ ሹማምንት የከተማ ፕላን ሲያወጡ በየሰፈሩ ሣር ያለው ሜዳ ይከልሉ፣ የጎርፍ ቦዮችን ይክደኑ፣ ያለውንም ጀፎረ ከወራሪ አጥር ያስጠብቁ፤ እኛም ወላጆች ካቡ ሲረዝም ልጁን እናውርደው፣ ዝቅ ሲል ግን እንተወው። ይህን ያደረግን እንደ ሆነ፣ ፈጣሪ በልጆቻችን ያኖረውን ጸጋ ማድነቃችን በሥራ ተገለጠ ማለት ነው።