የሯጭ ሰዓት በግምት አይታወቅም

ወልድያ፦ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀናው አውራ ጎዳና ውጫሌን ካለፈ በኋላ በሐብሩ ወረዳ ውርጌሳንና መርሳን ያቋርጣል። ቀን ቀን የጭነት መኪናው፣ የሕዝብ ማመላለሻውና ባጃጁ የሚጋፉበት ይህ መንገድ ጎሕ ሲቀድ ለእግረኛ ይለቀቃል። መሮጥ ለሚሻ የገጠር ወጣትም ከደጁ የቀረበ መለማመጃ ነው። መንገዱ ትንፋሽ ያሰፋል፣ እግር ያጠነክራል። አንድ ነገር ግን አይሰጥም፤ እርሱም እውነተኛ ሰዓት ነው።

አንድ የውርጌሳ ወጣት በዚህ መንገድ ዘወትር ይሮጣል እንበል። “ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እጨርሳለሁ” ይላል። ርቀቱን የነገረው የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው፤ ጊዜውን የያዘለት ደግሞ የእጅ ስልኩ። ይህ ወጣት ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ግን ገና አላወቀም።

ነገሩ ተራ የቁጥር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ትምህርቱን ለማቋረጥ፣ እርሻውን ለመተው ወይም የቤተሰቡን በግ አሽጦ ወደ አዲስ አበባ ለመውጣት የሚወስን ወጣት ቢኖር፣ ቁጥሩ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ጉዳይ ይሆናል። በሩጫ ለመኖር የሚያስብም ሆነ ለጤናው እየሮጠ የራሱን ምርጥ ሰዓት ማሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ምን ያህል ፈጣን ነኝ?” ብሎ ሳይሆን “የሮጥሁት ርቀት በእርግጥ ስንት ነው?” ብሎ ነው።

54 ሜትር ያስቀረው ክብረ ወሰን

ግማሽ ማራቶን በልምድ 21 ኪሎ ሜትር ይባላል። ትክክለኛ ርቀቱ ግን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። የዚህን ልክ ዋጋ ከአትሌት ያለምዘርፍ የኋላው ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

ያለምዘርፍ ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ በተካሄደው የአንትሪም ኮስት ግማሽ ማራቶን 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገባች። በወቅቱ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን በኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች የተያዘው 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ነበር። ያለምዘርፍ በ18 ሰከንድ አሻሽላው ስለነበር ደስታው ትልቅ ነበር። በኋላ መንገዱ እንደገና ሲለካ 54 ሜትር ጎድሎ ተገኘ፤ ሰዓቱም ለክብረ ወሰን ሳይበቃ ቀረ።

በያለምዘርፍ ፍጥነት ሲሰላ 54 ሜትር 10 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ይህ ቢደመርባት እንኳ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ አካባቢ ስለሚሆን ከነበረው ክብረ ወሰን ትፈጥን ነበር። የአትሌቲክስ ሕግ ግን ያልተሮጠን ርቀት በስሌት አይሞላም። ጥፋቱ የመንገዱ ልክ ሆኖ ሳለ ዕዳውን የከፈለችው ሯጯ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በስፔኗ ቫሌንሲያ ያለምዘርፍ በተለካ መንገድ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሮጠች። ስሌቱ ከገመተው በ3 ሰከንድ ብቻ ይለያል። አቅሙ ከመጀመሪያውም ነበራት ማለት ነው። የዚያን ዕለት ግን ከፊቷ ለተሰንበት ግደይ ነበረች። ለተሰንበት በመጀመሪያ የግማሽ ማራቶን ውድድሯ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በመግባት ክብረ ወሰኑን የራሷ አደረገች። ለያለምዘርፍ ሁለተኛው ዕድል ሲመጣ ሌላ ባለቤት አግኝቶ ነበር።

በኪሎ ሜትር 3 ሰከንድ

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አሪዞና ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዮሚፍ ቀጄልቻ በቫሌንሲያ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በመግባት የኡጋንዳዊውን ጃኮብ ኪፕሊሞን የ57 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሰዓት በ1 ሰከንድ አሻሻለ። በኃይሌና በዮሚፍ ሰዓቶች መካከል ከ18 ዓመታት በላይ አልፈዋል፤ ልዩነታቸው ግን 1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ብቻ ነው።

ወደ ውርጌሳው ወጣት እንመለስ። የሮጠበት መንገድ ከግምቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢያጥር በራሱ ፍጥነት 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ሳይሮጥ ያተርፋል። የዓለም ምርጥ ሯጮች በ18 ዓመታት ያሻሻሉትን የሚበልጥ ጊዜ በአንድ የልኬት ስሕተት ይገኛል ማለት ነው። በተቃራኒው መንገዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢረዝም፣ ተስፋ ያለው ወጣት አቅም የለኝም ብሎ ሊተወው ይችላል። የሁለቱም ስሕተት ጉዳቱ እኩል ነው።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ግቡ የሚጨበጥ ይሆናል። በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚገባ ሯጭ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይሮጣል። ወደ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ለማውረድ በ3 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መሮጥ ይበቃዋል። ሥራው በየኪሎ ሜትሩ 3 ሰከንድ መቀነስ ነው።

ብዙዎችን የሚጥለው ይህን 3 ሰከንድ ገና በጅምሩ አብዝቶ ለማግኘት መሞከር ነው። ሯጩ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ቢሮጥ ከዕቅዱ 55 ሰከንድ የቀደመ ይመስለዋል። ነገር ግን ጉልበቱ አልቆ የመጨረሻዎቹን 6 ኪሎ ሜትሮች ወደ 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ቢያወርድ 84 ሰከንድ ይከስራል። ትርፉም ሄደ፣ ተጨማሪ ዕዳም መጣ። ምርጥ ሰዓት የሚገኘው ከመነሻ እስከ መድረሻ በተመጣጠነ እርምጃ፣ ጉልበት ከተረፈም በመጨረሻው ላይ በመጨመር ነው። በየኪሎ ሜትሩ ምልክት የሌለው መንገድ ላይ ግን ይህን መቆጣጠር አይቻልም።

ቁልቁለት፣ ከፍታና ሙቀት

ልክ ማለት ርዝመት ብቻ አይደለም። ለዓለም ክብረ ወሰን የሚበቃ የጎዳና ውድድር ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ዝቅታ በ1 ኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በግማሽ ማራቶን 21 ሜትር ገደማ ማለት ነው። መነሻና መድረሻውም በቀጥታ ሲለኩ ከውድድሩ ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ቁልቁለት እንዳያግዝ፣ ሌላው ነፋስ ከኋላ እንዳይገፋ ነው።

ወልድያ ከመርሳ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ መርሳ አቅጣጫ የሮጠና ከመርሳ ወደ ወልድያ የሮጠ ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ አቅም የተለያየ ሰዓት ያስመዘግባሉ። ስለዚህ ሄዶ የሚመለስ ወይም ዙሪያውን የሚዞር መንገድ ለፈተና ይመረጣል፤ የወረደው ይወጣል፣ የወጣው ይወርዳልና።

ከፍታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሯጭ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ልምምዱ ለሰውነት ይጠቅማል፤ ሰዓቱ ግን በባሕር ዳርቻ ባለችው ቫሌንሲያ ከሚሮጠው ይዘገያል። በዚህ ላይ የሐብሩ ቆላማ ክፍል ሙቀት ይጨመራል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተሮጠ ሰዓት ከንጋቱ ጋር አይወዳደርም። የአንድ ሯጭ እውነተኛ መመዘኛ በአንድ መንገድ፣ በተቀራራቢ ሰዓትና የአየር ጠባይ ትናንት የሮጠው የራሱ ሰዓት ነው።

የሩጫ ወቅትና የእርሻ ወቅት

ከተሜው ሯጭ ከሥራ በኋላ ሊያርፍ ይችላል። የአርሶ አደር ልጅ ግን በሐምሌና በነሐሴ አረም ያርማል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍና ማሽላ ይሰበስባል። ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ እግር በማግሥቱ ለከባድ የፍጥነት ልምምድ አይበቃም። ብዙ ወጣቶች ይህን ድካም ስንፍና እያሉ በላዩ ላይ ልምምድ ይጨምራሉ። ውጤቱ ጉዳትና ተስፋ መቁረጥ ነው።

መሬት ያለ ዕረፍት ሲታረስ ምርቱ እንደሚቀንስ አርሶ አደሩ ያውቃል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ጥንካሬ የሚገነባው ከልምምድ በኋላ በሚገኝ ምግብና እንቅልፍ ነው። በአዝመራ ሰሞን ሥራውን እንደ ልምምድ ቆጥሮ ሩጫውን ቀለል ማድረግ፣ ሥራ በሚቀልበት ወር ደግሞ ረጅሙን ሩጫና ዳገቱን ማጠናከር ያዋጣል። ምርጥ ሰዓት የሚፈለግበት ውድድርም ከአጨዳው ማግሥት ባይሆን ይመረጣል። ከውድድሩ በፊት ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት ልምምዱን መቀነስ አቅምን አያጠፋም፤ ያጠራቅመዋል እንጂ።

ምግቡ ከቤት አይርቅም። እንጀራ፣ ገንፎ፣ ቂጣና በሶ ለዚህ ርቀት የሚያስፈልገውን ጉልበት ይሰጣሉ። ትኩረት የሚሻው ደም ነው። ኦክስጅንን ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ደም ስለሆነ የብረት እጥረት ያለባት ሯጭ ምንም ብትለፋ ትደክማለች። በቆላማው አካባቢ የሚያጋጥመው ወባም ደም ያሳንሳል። ያለ ምክንያት ሰዓቱ የዘገየበት ሯጭ ልምምድ ከመጨመሩ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ይሻለዋል።

የሚቀርበው መፍትሔ

በወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ለአካባቢው ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ከውርጌሳ ተነሥቶ በየሳምንቱ ወልድያ ለሚመላለስ ወጣት የትራንስፖርቱ ወጪ ቀላል አይደለም። የጎዳና ሯጭ መንደርና የቀበሌ መንገድ ድረስ የሚመጣ መለኪያ ይሻል።

ይህ ደግሞ ስታዲየም የመገንባት ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። የጎዳና ውድድር የሚለካው በብስክሌት ጎማ ላይ በሚገጠም ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አስቀድሞ ይፈተሻል፤ ከዚያ ለካዩ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ይከተላል። መንገዱ በስሕተት እንዳያጥር በ1 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይጨመራል። የሚያስፈልገው ብስክሌት፣ ቆጣሪ፣ ሜትር፣ ቀለምና የሠለጠነ ሰው ነው። ሙሉው 21 ኪሎ ሜትር ባይቻል እንኳ፣ በደርሶ መልስ የሚሮጥ በልክ የተቀባ 5 ኪሎ ሜትር ለወጣቱ መነሻ ይሆናል።

በጀት የጠበበበት፣ ጦርነት ያለፈበት አካባቢ ለሩጫ መንገድ ቀለም መቀባት ቅንጦት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ውኃ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይቀድማሉ። ነገር ግን ግምት ራሱ ወጪ አለው። አማራ ፖሊስና አማራ ማረሚያን የመሳሰሉ ክለቦችም ሆኑ የውጭ ውድድር አዘጋጆች የሚያዩት የተረጋገጠ ሰዓትን ነው። በግምት ሰዓት ተማምኖ ከቤቱ የወጣ ወጣት የሚከፍለውን ቤተሰቡ ይከፍላል። ሰዓቱን በሰፈሩ ያወቀ ግን መውጣቱንም ሆነ መቆየቱን በማስረጃ ይወስናል። ለአሠልጣኝም የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ኃይሌ በልጅነቱ በአርሲ ገጠር ከቤቱ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይታወቃል። ያ መንገድ አቅም ሰጠው፤ ሰዓቱን ግን በልምምድና በተለካ ውድድር ነው ያገኘው። የውርጌሳና የመርሳ ልጆችም አቅሙን ከዳገታቸው ያገኛሉ። የወረዳና የዞን ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ሊጨምሩላቸው የሚችሉት ልኩን ነው። እስከዚያው ግን በውርጌሳ መንገድ ላይ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጥ ሁሉ አንድ መንገድ መርጦ፣ መነሻና መድረሻውን ምልክት አድርጎ፣ በወር አንድ ጊዜ በዚያው ሰዓት ራሱን ይፈትን፤ ቁጥሩንም በደብተር ይጻፍ። ያ ቁጥር ለክለብ ባይቀርብም፣ ካለፈው ወር መሻል አለመሻሉን ይነግረዋል።