ብስኩቱን ከቤት፣ ስኳሩን በልክ

ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ሥራዬ በእግሬ ስሄድ ዘወትር የማየው ነገር አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የእናቱን እጅ እየጎተተ አንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ይቆማል። እናት ሰዓቷን ታያለች፤ ረፍዷል። ብስኩት ወይም ዌፈር ይገዛል፤ ምሳ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ መንገዱ ይቀጥላል። ይህን የምጽፈው ያችን እናት ለመውቀስ አይደለም። እኔም ራሴ የምወቀስበት ነገር ስላለ ነው።

ከወራት በፊት አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ጉንጯ አብጦ እናቷ ይዛት መጣች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልተኛችም። የኋላ ጥርሶቿ ጠቁረውና ተቦርቡረው አየሁ። የሚገባትን የመጀመሪያ ሕክምና አድርጌ ወደ ጥርስ ሐኪም ላክኋት። ከዚያም እኛ ሐኪሞች ሁልጊዜ የምንለውን አልኩ፦ “እህቴ፣ ጣፋጭ አይስጧት።” እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝና “ታዲያ ዶክተር፣ ባዶ ምሳ ዕቃ ላስይዛት?” አለችኝ። መልስ ስላጣሁ “ቤት ውስጥ ይሥሩላት” ብዬ ሸኘኋት።

ከወር በኋላ ተመልሳ መጣች፤ በፌስታል የቋጠረችውን ብስኩት ደስ እያላት ሰጠችኝ። ቀመስኩት፤ ከሱቁ ይበልጥ ይጣፍጣል። ስንት ስኳር እንደጨመረችበት ብጠይቃት፣ ለሁለት ኩባያ ዱቄት አንድ ሙሉ ኩባያ ስኳር፣ በላዩም “ለጤና ጥሩ ነው ብዬ” ማር አለችኝ። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወደ 50 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከሊጡ 20 ብስኩት ቢወጣ፣ ማሩን ሳንቆጥር እያንዳንዱ ሁለት ተኩል ማንኪያ ስኳር ይደርሰዋል። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ “ይሥሩ” ብዬ ልኩን ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የዛሬው አቋሜ ይህ ነው። ልጅን ከጣፋጭ ፈጽሞ ለይቶ ማሳደግ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይሆን ምክር ነው፤ ቤት ውስጥ መሥራት ግን ይቻላል። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ስለተሠራ ብቻ ጤናማ የሚሆን ምግብ የለም። የቤቱ ብስኩት ከሱቁ የሚበልጠው የስኳሩ ማንኪያ በእኛ እጅ ስለሆነ ነው። ማንኪያውን ካልቆጠርን ጥቅሙ ቀረ።

ስኳር ጥርስን የሚጎዳው እንዲህ ነው። በአፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን የላይኛውን ጠንካራ ክፍል ይሸረሽራል። ምራቅ አሲዱን ለማርከስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጠኑ ጋር ድግግሞሹም ወሳኝ ነው። አንድ ፓኬት ብስኩት ከጠዋት እስከ ቀትር እየቆነጠረ የሚበላ ልጅ፣ ያንኑ በእረፍት ሰዓት በአንድ ጊዜ በልቶ ውኃ ከጠጣው ይልቅ ጥርሱ ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 ከመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም በዚሁ ይቆጠራሉ። በቀን 1500 ካሎሪ ገደማ ለሚበቃው ልጅ 10 ከመቶው 9 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ 5 ከመቶው ደግሞ የዚህ ግማሽ። ጠዋት በሻይ ሁለት ማንኪያ የወሰደ ልጅ ገና ከቤት ሳይወጣ ከዚህ ላይ ቀንሷል ማለት ነው።

የሱቁን ስትገዙም ጽሑፉን አንብቡ። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው በክብደት የሚበዛው ነው። 100 ግራም ውስጥ 25 ግራም ስኳር አለ የሚል ከሆነ፣ 50 ግራም የምትመዝነው ፓኬት ከ3 የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ይዛለች። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ እንደሆነ ካወቃችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ኤክሳይዝ ታክስ ከጣለችባቸው ዕቃዎች መካከል ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ይገኙበታል። ይሁንና የትኛውም አዋጅ ጓዳችን ገብቶ ማንኪያ አይቆጥርልንም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የተክለ ሃይማኖት ሰው መርካቶ ጎረቤቱ ስለሆነ አጃውንም፣ ኦቾሎኒውንም፣ ሰሊጡንም በእግሩ ሄዶ መርጦ ይገዛል። ከዚህ በታች ያሉት ሦስቱም ለጾም ይሆናሉ።

የመጀመሪያው የሙዝ ብስኩት ነው። በጣም የበሰሉ፣ ቆዳቸው የጠቆረ 3 ሙዞችን በሹካ ፍጩ። 2 ኩባያ የአጃ ወይም ገለባው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ቀረፋ ጨምራችሁ አሹት። ሊጡ ከቀጠነ ዱቄት አክሉበት። ጣት ያህል ውፍረት ባላቸው ትናንሽ ክቦች አዘጋጁት። ኦቭን ካላችሁ በ180 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሌላችሁ ምጣድ ወይም ወፍራም መጥበሻ ላይ በዝቅተኛ እሳት ከድናችሁ፣ በየጎኑ 7 እና 8 ደቂቃ አብስሉት። እርጥበት ስላለው በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ።

ልጁ “አይጣፍጥም” ካለ አትከራከሩት። ለጠቅላላው ሊጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ። ለ20 ብስኩት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሩብ ማንኪያ የሻይ እንኳ ብዙም አያልፍም። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ሁለተኛው ሁላችን የምናውቀው ዳቦ ቆሎ ነው። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥቂት ውኃ ጠንከር አድርጋችሁ አሹ። እንደ ገመድ እያድቦለቦላችሁ ሽንብራ አሳክላችሁ ቁረጡት፤ ዘይት ውስጥ ከመጥበስ ይልቅ ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ ቁሉት። በደንብ ከደረቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ለሳምንታት ይቀመጣል።

ሦስተኛው በከረሜላ ፋንታ የሚሆን ነው። 10 ቴምር ፍሬውን አውጥታችሁ በሙቅ ውኃ አለስልሱ፤ ከ1 ኩባያ የተቆላ ኦቾሎኒና ከግማሽ ኩባያ የተቆላ ሰሊጥ ጋር ወቅጣችሁ በትናንሹ አድቦልቡሉት። ቴምርም ጣፋጭ ነው፤ ጥርስ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ከምግብ በኋላ ይበቃል።

ጥንቃቄዎቹን ሳልናገር ብቀር የፊተኛውን ጥፋቴን መድገም ይሆንብኛል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያልተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ አትስጡ፤ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊያንቅ ይችላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። የሻገተ፣ የጨማደደ ወይም የጠቆረ ኦቾሎኒ ጣሉት፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ኦቾሎኒ ሲበላ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ሰውነቱን ሽፍ የሚለው ልጅ ከነጭራሹ አይብላ፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ልብ በሉ። የአጃው ብስኩትም ዱቄት ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ከእንጀራው ወይም ከዳቦው ላይ ቀንሳችሁ ብሉት እንጂ ትርፍ አድርጋችሁ አትጨምሩት። በሌላ በኩል ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች ድንገት ላብ ሲያጠምቃችሁና ሲያንቀጠቅጣችሁ ብስኩት አትፈልጉ፤ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ አይደርስላችሁም። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላችሁ ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከብስኩቱ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ይቀራል፤ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ። በተለይ ማታ ከተቦረሸ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም።

ያችን ልጅ በቅርቡ አየኋት። አንድ ጥርሷ ተነቅሏል፤ ቋሚው እስኪበቅል ዓመታት ትጠብቃለች። እናቷ እንደነገረችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጡን አብረው ያሻሉ፤ ስኳሩን የምትሰፍረውም ልጅቱ ናት። ማንኪያው ተከምሮ ከሞላ በቢላ ጀርባ አስተካክላ ታፈሰዋለች አሉ። እናንተም በዚህ ቅዳሜ አንዱን ሞክሩት፤ ልጆቻችሁንም አስቆጥሯቸው። ቸር እንሰንብት።