ሕጉን ከነምክንያቱ፦ ጥብቅ ሥልጠና ስለሚያስነሣው ክርክር

ይህን ጽሑፍ ከራሳችን ጥፋት እንጀምረዋለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሸንቲ እየተመላለሰ የሚማር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በቤተ ሙከራ ውስጥ ጥያቄ አቀረበልን። «መምህር፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ካፓሲተሩን በሬዚስተር ባዶ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? ኃይሉ ተቋርጧል እኮ» አለን። ጊዜ አጥሮን ስለ ነበር «ሕግ ነው፤ እንደ ታዘዝኸው ሥራ» ብለን አለፍነው። በሳምንቱ ያው ተማሪ ሶኬቱን ነቅሎ ካፓሲተሩን በባዶ እጁ ነካው፤ እጁን አስፈነጠረው፣ ጣቱንም ለበለበው። ከዚያ የከፋ ነገር ባለመድረሱ ፈጣሪን አመሰገንን። ሕጉ ትክክል ነበር። ምክንያቱ ያልተነገረው ተማሪ ግን ሕጉን ከመምህር ቁጣ ለመዳን ብቻ የሚጠበቅ ነገር አድርጎ ወሰደው፤ እኛ ዘወር ስንል ሕጉም አብሮን ዘወር አለ።

ይህ ገጠመኝ ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር ሳለን በስኩባ ጠላቂዎች መካከል የሰማነውን ክርክር አስታወሰን። ስኩባ ማለት ጠላቂው የሚተነፍሰውን ጋዝ በሲሊንደር ተሸክሞ ከውኃ በታች የሚቆይበት ዘዴ ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የውድቪል ካርስት ፕሌን ፕሮጀክት በሚል ስም የተሰባሰቡ የዋሻ ጠላቂዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ጥብቅ የሥልጠና ፍልስፍና አስፋፉ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በትክክል መሥራት» ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዲ.አይ.አር. ይባላል። ከዚሁ ወገን የሆነው ጃሮድ ጃብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ግሎባል አንደርዋተር ኤክስፕሎረርስ የተባለውን የሥልጠና ድርጅት መሠረተ።

ፍልስፍናው ከሠልጣኙ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የቡድኑ አባላት ሁሉ ዕቃቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ያደራጃሉ። ማንም ብቻውን አይጠልቅም። ጠላቂው በአፉ የሚይዘው መተንፈሻ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ካለው ቱቦ ጋር ይያያዛል፤ መጠባበቂያው በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። በሲሊንደሩም ላይ በውስጡ ያለው ጋዝ ሊተነፈስ የሚቻልበት የመጨረሻ ጥልቀት በትልቅ አኃዝ ይጻፋል። በዚህ ፍልስፍና ምክንያት ጠላቂዎች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «ሕይወት አዳኝ ሥርዓት ነው» ሲል፣ ሌላው «ሥልጠና ሳይሆን እምነት ነው» አለ።

በመሠረቱ የሕጎቹ አብዛኛው ክፍል ከፊዚክስና ከአደጋ ምርመራ የተገኘ ነው። ሼክ ኤክስሊ የተባለው ታዋቂ የዋሻ ጠላቂ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የዋሻ ውስጥ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎችን ደጋግመው የገደሏቸውን ስሕተቶች ለይቶ አሳይቷል። ከያዙት ጋዝ አንድ ሦስተኛውን ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመውጫ፣ ቀሪውን ለክፉ ቀን ማድረግ ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተወሰደ ትምህርት ነው። ረጅሙ ቱቦም ያለ ምክንያት አልረዘመም፤ ጋዝ ያለቀበትና የሚረዳው ጓደኛው በጠባብ ዋሻ ጎን ለጎን መዋኘት ስለማይችሉ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆኖ እየተነፈሰ እንዲወጣ ነው።

በሲሊንደሩ ላይ የሚጻፈውን አኃዝ ደግሞ በስሌት እንመልከተው። በፍሎሪዳ በሚገኘው የዋኩላ ምንጭ ዋሻ ውስጥ ጥልቀቱ ወደ 90 ሜትር ይጠጋል፤ በዚያ ያለው ግፊትም ወደ 10 አትሞስፌር ይጠጋል። አየር 21 በመቶው ኦክሲጅን ስለሆነ፣ በዚያ ጥልቀት ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው የሚያገኘው የኦክሲጅን ከፊል ግፊት ወደ 2 አትሞስፌር ይደርሳል። ጠላቂዎች በሥራ ላይ ሳሉ ከ1.4 እንዳያልፉ ይመከራሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጠላቂው ድንገት ሊንቀጠቀጥና መተንፈሻውን ከአፉ ሊጥል ይችላል። ናይትሮጅኑም በበኩሉ አእምሮን ያደነዝዛል። ስለዚህ ኦክሲጅኑን ይቀንሳሉ፣ ከናይትሮጅኑም ብዙውን በሂሊየም ይተካሉ። አንድ ጠላቂ የተለያየ ቅልቅል ያለባቸው ብዙ ሲሊንደሮች ሲይዝ፣ ያን አኃዝ ሳያነብ አፉን ማስገባቱ በሕይወቱ መፍረድ ነው። የዚህ ወገን ጠላቂዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከተርነር ሲንክ ገብተው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በውኃ ውስጥ ተጉዘው በዋኩላ ምንጭ ወጥተዋል። ይህ በጀብደኝነት ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ይሁን እንጂ የተቃዋሚዎችም ቃል በከንቱ የሚጣል አይደለም። ከቀደምት ተከራካሪዎች አንዳንዶቹ ሥርዓታቸውን ያልተቀበለውን ሁሉ «ስትሮክ» በሚል የንቀት ቃል ይጠሩት ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀም እንደ ሰነፍ ወይም እንደ አላዋቂ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሕጉን ሳይመረምር ከሕጉ አስተማሪ ሸሸ። በሌላ በኩል ለ90 ሜትር ዋሻ የወጣ ሕግ ሁሉ በ10 ሜትር ጥልቀት ዓሣ ለሚመለከት ሰው እኩል ያስፈልጋል ማለት ማስረጃ ይጠይቃል። ቀደምቶቹ አጥብቀው የነቀፉትን የጥለቃ ኮምፒዩተር ዛሬ ከዚያው ወገን ያሉ ጠላቂዎች ሳይቀሩ ይዘውት ይጠልቃሉ። መሣሪያው ሲሻሻል ሕጉም ተሻሻለ፤ ይህም ሊያሳፍር አይገባም።

እንግዲህ የሚጸናውን ሕግ ከሚለወጠው የምንለየው በምንድን ነው? ወደ ሀገራችን መለስ ብለን ጣናን ምሳሌ እናድርግ። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራው 15 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «ቀላል ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በላዩ ያለው የአየር ግፊት 0.8 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነው። በባሕር ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ የሚወጣ ጠላቂ ከ2 አትሞስፌር ወደ 1 ስለሚመጣ በሳንባው ያለው ጋዝ 2 እጥፍ ይሰፋል። በጣና ግን ከ1.77 ወደ 0.8 ስለሚመጣ የሚሰፋው 2.2 እጥፍ ነው። «ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለው ሕግ በጣናም ይጸናል፤ እንዲያውም ይብሳል። ለባሕር የተዘጋጀው የጥለቃ ሰንጠረዥ ግን በጣና እንዳለ አይሠራም፤ ለከፍታው መታረም አለበት። ምክንያቱን የተማረ ጠላቂ ይህን በራሱ ይደርስበታል። ሰንጠረዡን ብቻ በቃሉ የያዘ ግን የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ሊጎዳ ይችላል።

ጥብቅነት ራሱ ጠላት አለመሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ልኩ ከጎደለ ወይም ቤቱ ካልመታ መምህሩ አያልፉለትም። የቅኔ ቤቱ ግብ ግን የሌላውን ቅኔ ማስደገም አይደለም፤ ተማሪው የራሱን እንዲዘርፍ ማብቃት ነው። ጥብቁ ልክ ነፃ አእምሮ ይወልዳል። ሥልጠናም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ይመስለናል፦ ሠልጣኙ ማንም በሌለበት፣ ያልተነገረው ነገር ሲገጥመው፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል ወይ?

ስለዚህ በሁለቱ ወገኖች ክርክር ውስጥ አቋማችን ይህ ነው። የጥብቁ ወገን ሕጎች ከነምክንያታቸው ይወሰዱ፤ ንቀቱ ግን ይቅር፤ ለደኅንነት አንዳች አይጨምርምና። ለተማሪዎቻችን የምንለው ሁለት ነገር ነው። ሕጉን ጠብቁ፤ ምክንያቱንም ሳትሰሙ አትውጡ። ምክንያቱ እስኪገባችሁ ድረስ ግን ሕጉን አትተላለፉ፤ ካፓሲተርም ሆነ ውኃ የእናንተን መረዳት አይጠብቅም። ለመምህራን ባልደረቦቻችንም፣ ከሁሉ አስቀድሞም ለራሳችን፣ «ሕግ ነው» የሚለው መልስ ያልተጠናቀቀ መልስ መሆኑን እናስታውሳለን።

ያ የመሸንቲ ተማሪ ጣቱን አስሮ በተመለሰ ዕለት ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ መለስንለት። ሶኬቱ ቢነቀልም በካፓሲተሩ የተከማቸው ጉልበት እንዳለ መሆኑን፣ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ መሆኑን አብረን አሰላን። ማብራሪያው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ በቡድኑ ውስጥ ካፓሲተሩን ባዶ ሳያደርግ እጁን የሚዘረጋ ተማሪ ሲኖር፣ ከእኛ ቀድሞ «ቆይ!» የሚለው እርሱ ሆነ፤ ምክንያቱንም ጨምሮ ይነግረው ነበር።