የጋራ መስክ ባዶ መሬት አይደለም

ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ በስተ ምዕራብ የጋሞን ደጋ የወጣ መንገደኛ፣ የገረሴን ከተማ አልፎ ወደ ገጠሩ በዘለቀ ጊዜ፣ እንሰት የከበባቸው የሣር ክዳን ቤቶች እዚህም እዚያም ተሰብስበው፣ በመካከላቸውም ማረሻ ያልነካው መስክ ተዘርግቶ ያያል። የአገሩን ልማድ ላልመረመረ ሰው ይህ መስክ ሥራ የፈታ መሬት ይመስለዋል፤ ይህም አስተያየት ከቢሮ ወጥቶ ውሳኔ የሆነ እንደሆነ ጉዳቱ ለትውልድ ይተርፋል።

ከብቱ ቀን በመስኩ ተሰማርቶ ውሎ ሌሊት ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ሲነጋም ሴቶቹ እበቱን ጠርገው በቅርጫት እየተሸከሙ በጓሮው እንሰት ሥር ያፈሱታል። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት የሚቆይ ተክል ስለ ሆነ፣ መሬቱ በየጊዜው ካልዳበረ አይጸናም። እንግዲህ መስኩን ያረሰ ሰው ለጥቂት ክረምት ገብስ ቢያፍስም፣ ሣሩን ሲያጠፋ ከብቱን፣ ከብቱን ሲያጠፋ እበቱን፣ እበቱን ሲያጠፋ እንሰቱን ማጥፋቱ ነው።

መስኩ የሸንጎም ስፍራ ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በተባለው አደባባይ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፣ ጠበኛ ያስታርቃሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣሡትን ወጣቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ የመለሱት አበው፣ ኢትዮጵያ በሙሉ ያመሰገነችው ሥርዓታቸው የተጠበቀው በእንዲህ ያለው አደባባይ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር በዝቶ ወጣቱ መሬት አጥቶ፣ የሽመና ሙያውን ይዞ እስከ ሽሮ ሜዳ መሰደዱ እውነት ነው። ነገር ግን መስኩ ቢሸነሸን ለጥቂቶች ጠባብ ትልም ይደርሳቸዋል እንጂ የብዙኃኑ ችግር አይቃለልም። መስክን ማረስ የሚያመጣውን ጉዳት ሌላም አገር አይቶታል፤ ሰሜን አሜሪካኖች ሰፊውን የሣር ሜዳቸውን ያለ ልክ አርሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ድርቅ በመጣ ጊዜ አፈሩ በነፋስ ተጠርጎ ብዙ ገበሬ ተሰዷል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ቢያውቅም፣ መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ግል ይዞታ እንዲያዞረው ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ የጋሞ ዞን ሹማምንት በገረሴ ዙሪያ ያለውን መስክና ዱቡሻ ሁሉ ከሽማግሌዎች ጋር ወሰኑን አስለክተው፣ በማኅበረሰቡ ስም በመዝገብ ያጽፉልን ዘንድ እናሳስባለን።