አስተኙት እንጂ አትጣሉት!

ሰሞኑን እዚሁ አብነት አንድ ጎረቤታችን ግቢ ገብተን ነበር። ውሻው የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ነው። የተሰበሰበው ሰው ወዲያው ፈራጅ ሆነ። አንዱ «ቀዶ ሕክምና ካላገኘ አለቀለት» አለ። ሌላው «መርፌ አስወግታችሁ ልቀቁት» ሲል መከረ። አንድ ጋሼ ደግሞ «ውሻ አይደል እንዴ? አውጥታችሁ ጣሉት!» ብለው ቋጩት።

እኛ ከሦስቱም ጋር አንስማማም።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ እንደ ትራስ ነው። ደርቆ ሲፈነዳ ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል። እንደ ዳክስሁንድ ባሉ እግረ አጭር «የፈረንጅ ውሾች» ላይ በዘር ይብሳል፤ ሌላውም ውሻ ግን አይቀርለትም። (ውሻው ካልተከተበ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ይጠርጠር፤ እሱም ሽባ ያደርጋል። ሐኪም ሳያየው አትንኩት!)

ለመጀመሪያው ሰው፦ እየተንገዳገደም ቢሆን የሚራመድ ውሻ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ያለ ቢላዋ ይሻለዋል። መራመድ ካቃተው ግን ቀዶ ሕክምና የተሻለ ዕድል አለው። ጣቱን አጥብቀው ሲቆነጥጡት ምንም የማይሰማው ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያስነሣል፤ በዕረፍት ብቻ የሚነሡት ጥቂት ናቸው። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ሰው እንኳ ለኤም አር አይ ብዙ ብር በሚከፍልበት ከተማ «ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት» ማለት በተግባር ሞት መፍረድ ነው።

ለሁለተኛው፦ ሕመሙ የጠፋለት ውሻ ይዘላል፤ ሲዘል ዲስኩ ይብስበታል። ስቴሮይድና ሌላ የሕመም ማስታገሻ ቀላቅሎ መስጠትም ሆድ ያደማል።

ዕረፍት ማለት በር ላይ በሰንሰለት ማሰር አይደለም። ጠባብ የእንጨት ሳጥን፣ ለሽንት ብቻ መውጣት፣ ደረጃና ዝላይ መከልከል ነው። የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጋራ አቋም ቢያንስ 4 ሳምንት ይላል። መሽናት ካቃተው ፊኛውን ማስጨመቅ ከሐኪም መማር ያስፈልጋል። ሳጥን የሚሠራ አናጢ ደግሞ ከአብነት አይጠፋም።

ጋሼ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህኛው ስንት ሌሊት ጮኾልዎታል? እሱ ሲወድቅ 4 ሳምንት መንፈግ ምን ይባላል?